የኪሩቤል ለቅሶ በስንታየሁ እጅ

ሐምሌ 17 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ሸዋ ሮቢት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ እንደበራ ቀርቷል። በስክሪኑ ላይ የአንድ ፎልደር ስም ሊቀየር ተከፍቷል፤ «2006 ኅዳር» ከሚለው ቀጥሎ ቀኑ አልተጻፈም። ሥራውን አቋርጦ የወጣው ስንታየሁ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አንዲት የቀወት ወረዳ መንደር ሄደ። ሲመለስ፣ በቆላው ዝናብ ጠብ ሳይል ከደጋው የወረደ ጎርፍ ደረቁን ወንዝ ሲሻገር አገኘው። አስከሬኑ በማግስቱ ከድልድዩ በታች ከግራር ሥር ተገኘ።

ስንታየሁ ፈሪ ሰው ነበር። ይህን ማለት ሐሜት አይደለም፤ ራሱም ይለው ነበር። በር ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይነካካል። ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ተክሎ ሰው ሲጨፍር፣ እሱ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። «ሰው ዘፈን ይሰማል፣ የኔ ባል ናፍጣ ይሰማል» ትል ነበር ሚስቱ ሕይወት። ሥራውን የጀመረው ደርግ በወደቀ ሰሞን ለመንገደኛ ካሴት በማባዛት ነው። ካሴት ሲቀር ሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር ፍላሽ አባዛ። በመጨረሻ ከቤቱ አንዷን ክፍል በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ለብዶ ስቱዲዮ አደረጋት። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሠርግ ዘፈን ይቀዳባታል። ማራገቢያው ድምፅ ውስጥ ስለሚገባ ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል፤ በግንቦት ሙቀት ዘማሪዎቹ ከዚያች ክፍል ሲወጡ ከወንዝ የወጡ ይመስሉ ነበር።

እንጀራው ያ ነበር፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በቀወት ገጠር እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ አልቃሽ ነበሩ። ቀብር ላይ ቆመው ሟቹን በስሙ፣ በወገኑ፣ በእርሻውና በጠባዩ እያነሱ ሙሾ ሲያወርዱ፣ ሟቹን በሕይወቱ የማያውቀው ሰው እንኳ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ያህል ያነባል። ስንታየሁ የገዛ አባቱ ሲቀበሩ ሰማቸውና ከዚያ በኋላ መቅጃውን በጋቢው ሥር ይዞ በየቀብሩ ይከተላቸው ጀመር። አስፈቅዶ ነው። ቄሶቹ ሙሾ ይብቃ እያሉ ይቆጡ ነበርና፣ ነገ ከነጭራሹ የሚጠፋ ነገር ነው ብሎ ፈራ። አንድ ቀን እንዲህ ሲል ለመናቸው።

«እትዬ ከበቡሽ፣ አንድ ቀን ስቱዲዮ ይምጡልኝና አጥርቼ ልቅዳዎት።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተ። እንዲያው ለማስቀመጥ ያህል።»

«ሰው ሳይሞት ሙሾ! ያንተን ላድርገው?»

ስንታየሁ አማተበ። እሳቸው ሳቁ። «አየህ፣ ፈራህ። ሙሾ የሚወርደው ለሞተ ነው፤ ለሞተውም አንዴ ነው። የሞተ የሌለበት ቤት ሙሾ ካወረድኩ ሞትን ጠራሁት ማለት ነው» አሉት። ስለዚህ የስንታየሁ ቅጂዎች ሁሉ ከእውነተኛ ቀብር የተቀዱ፣ እያንዳንዳቸውም ምትክ የሌላቸው ነበሩ። ቀብር አይደገምም።

ሕይወት ነገሩን አልወደደችውም። «በሰው ቤት የተለቀሰውን እያመጣህ ቤቴን የሐዘን ቤት አደረግኸው» ትለዋለች። እሱ ሙሾ ሲያዳምጥ የክፍሏን በር ዘግታ ትወጣለች።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. ኪሩቤል የሚባል ወጣት በወባ ሞተ። ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ ነው። እናቱ የሺ በሳዑዲ፣ ጅዳ ከተማ፣ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ወንድሟ ሙሉቀን፣ ልጁንም ያሳደገው እሱ ነው፣ ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ እንዳይነገራት ወሰነ። ብቻዋን በሰው አገር፣ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ መርዶ ሰምታ ማን ይደግፋታል? ስትደውል «ሥራ ፍለጋ አፋር ወርዷል፣ ስልክ የማይገባበት ነው» ይሏታል። ልጁ ሰኔ 12 ቀን፣ በሚካኤል ለት ተቀበረ። እትዬ ከበቡሽ አለቀሱለት፤ ስንታየሁ ቀዳ። ከቀብር መልስ ሙሉቀን እጁን ያዘው።

«አደራ። እህቴ ስትመጣ አፈሩን እንጂ ልጇን አታገኝም። እንዴት እንደተለቀሰለት ትስማ። ሰው እንደሌለው እንዳልተቀበረ ትወቅ።»

«አለልህ» አለው ስንታየሁ።

አመት ሊሞላ ሲል ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን መጣ። የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች እንዲወጡ ጊዜ ሰጠ፤ የሺም መምጣቷ ነው ተባለ። እንዲሁም የቀደሙት ዓመታት ለቅሶዎች ሁሉ ያሉበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ መንኳኳት ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ስንታየሁ ለዚህ ድምፅ ጆሮ ነበረው። ውስጡ የሚሽከረከረው ሳህንና በላዩ የምትሄደው መርፌ ተጣልተዋል ማለት ነው። የኪሩቤል ለቅሶ ያለው በላፕቶፑ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ደህና ነው፤ ነገር ግን ላፕቶፑም አርጅቷል፤ እስከ አፉ ስለሞላም መዝሙር ሲቀዳበት መሀል ላይ ይደነቃቀፋል። ኢንተርኔት ላይ እንዳያስቀምጥ ያን ዓመት የሞባይል ኢንተርኔቱ ይከፈታል ሲባል ይዘጋል። አዲስ ዲስክ መግዛት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ የሄደው ስልክና ቻርጀር ወደሚሸጠው ወዳጁ ነጅሙዲን ሱቅ ነው። ነጅሙዲን ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አውርዶ በኩራት ዘረጋለት።

«እንካ። ኤስኤስዲ ነው፤ የሚዞር ነገር የለውም። ሁለት ቴራ። የሮቢትን ሙታን ሁሉ ብትከትበት አይሞላም።»

ስንታየሁ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። «ነጅሙዲን፣ የሚዞር የለውም ካልክ ይሄ የሚንኳኳው ምንድነው?»

«የት ተንኳኳ?»

በቢላ ጫፍ ፈልቅቀው ከፈቱት። ውስጡ በማስቲሽ የተለጠፈ ትንሽ ፍላሽና ክብደት እንዲሰጠው የተቀመጠ ብሎን ነበር። ነጅሙዲን ብሎኑን በመዳፉ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ወላሂ በእምነት ነው የገዛሁት።»

«እኔም በእምነት ልገዛህ ነበር።»

«በል አትሳቅብኝ። ለባጃጅ ጎማ ይሆናል።»

ስንታየሁ አልሳቀም። ያ ነገር ለኮምፒውተሩ ሁለት ቴራ ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ የተሰጠውን ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበላል፤ ከሞላ በኋላ ግን በቀደመው ላይ ይጽፋል። ስም ይታያል፣ ድምፅ የለም። ሰው የሚያውቀው ሊያዳምጥ ሲከፍት ነው። ያን ሌሊት ተኝቶ ያለመው ያንን እንደሆነ ተናግሯል፤ እትዬ ከበቡሽ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ አይወጣም።

በማግስቱ ነጅሙዲን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ አብሮት ተሳፈረ። መርካቶ ያለው ነጋዴ በኤስኤስዲው ዋጋ እጥፍ የሚይዝ ባለ ሳህን ዲስክ ሊሰጠው ቢለምነው ስንታየሁ እምቢ አለ። ትልቅነት አልነበረም የፈለገው። በገጠር መንገድ በሞተር ሳይክል ሲነጥር የማይሰበር፣ ብዙ ማይክራፎን ባንድ ጊዜ ሲቀዳበት የማያንቀራፍፍ፣ ዋስትና ያለው ሻጭ የሚሸጠው ሲሆን ለሱ ይበቃል። ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞልቶ ሊሞክረው ጠየቀ። ነጋዴው ነጅሙዲንን «ይሄ ሰውዬ መርማሪ ነው እንዴ?» አለው። «የለም፣ አልቃሽ ነው» አለ ነጅሙዲን። እስኪሞላ ጠበቁ፤ ስንታየሁ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ፋይል እየከፈተ ሰማ። እውነተኛ ነው፤ የሞከረበትን አጥፍቶ ገዛው። ሁለት መግዛት ነበረበት፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። አቅሙ ግን የአንድ ነበር።

ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ከመንገዱ ዋሻ በፊት ወታደሮች አውቶቡሱን አስቁመው ፈተሹ፤ ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበር። ወታደሩ ከስንታየሁ ደረት ኪስ ዲስኩን አወጣ።

«ምን አለበት?»

«ገና ባዶ ነው። የለቅሶ ድምፅ ልገለብጥበት ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«የብዙ ሰው። የአገሬው ሰው ለቅሶ።»

ወታደሩ አየው፣ ዲስኩን አየ፣ መለሰለት። ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ስንታየሁ ከኪሱ ላይ እጁን አላነሳም።

ቤት እንደደረሰ ዲስኩን ከሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር ጋር በሚግባባ አሠራር ፎርማት አደረገው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከሱ የተለየ ነበርና። ረዥም ኬብል እንደሚያቋርጥ ስለሚያውቅ አብሮት የመጣውን አጭሩን ብቻ ሊጠቀም ወሰነ። ከላፕቶፑ ቀዳዳዎች መካከል ፈጣኗ ሰማያዊዋ ናትና ሌላ ነገር እንዳይሰካባት በፕላስተር ከለላት። ዲስኩ ሲሠራ እንደሚግል ስላወቀ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በተገለበጠ የሸክላ ክዳን ላይ አስቀመጠው። ሕይወት ክዳኗን ስትፈልግ አገኘችው።

«ድስቴን ምን ልክደነው?»

«ዛሬን ብቻ። ይሄ ነገር ከሞቀ ይዘገያል።»

«እኔም ሲሞቀኝ እዘገያለሁ፤ ማን በክዳን ላይ ያስቀምጠኛል?»

መጀመሪያ ከላፕቶፑ ላይ ያለውን የ2008 ዓ.ም. ለቅሶ ገለበጠ። የኪሩቤልንም ከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ ማዳመጫ ሰማው። አለ። ከዚያ በኋላ ነው ላፕቶፑ ላይ የነበረውን አጥፍቶ ቦታ ያስለቀቀው። ቀጥሎ አሮጌውን ዲስክ ሰካ። ቀጭ፣ ቀጭ። መገልበጥ እንደጀመረ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁሉም ባንዴ ጨለመ። ስንታየሁ በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት እጁ አሮጌውን ዲስክ እንደ ጫጩት አቅፎ ጠበቀ።

መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሳ። ድምፁ ግን ሌላ ሆኗል፤ ቀጭታው ተከታትሏል። ስንታየሁ ኮፒውን እንደገና አስጀመረ። ኮምፒውተሩም ጠየቀው፤ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ በላዩ ልጻፍበት ወይስ ልለፈው? ስንታየሁ መብራት ከመሄዱ በፊት ተጀምሮ የተቋረጠው ግልባጭ መሰለው፤ ግማሽ የሆነ ፋይል በሙሉው ይተካ። ሁሉንም ጻፍበት ብሎ ተጫነ። ኮፒው ሲያልቅ አሮጌው ዲስክ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ዳግመኛ አልተነሳም። ስንታየሁ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «ተመስገን» አለ።

ስህተቱ ከፎልደሮቹ አሰያየም ነበር። የቀወት ሰው ዘመዱ መቼ እንደሞተ ሲጠየቅ ዓመተ ምሕረት አይናገርም። «በሚካኤል ለት»፣ «የማርያም ማግስት»፣ «ለጊዮርጊስ አጥቢያ» ይላል። ስንታየሁም በዚያው በሰው አፍ ነበር የሚሰይመው። የ2008ቱ በላፕቶፕ፣ የቀደሙት በዲስክ ላይ ተለያይተው ስለኖሩ አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ አያውቅም። ሚካኤል ግን በየወሩ ይውላል፤ የዓመቱም ሚካኤል ብዙ ነው። መቅጃውም በየቀብሩ ድምፁን አንድ፣ ሁለት ብሎ እየቆጠረ ነው የሚያወጣው። ተራርቀው የኖሩት ሁለት ሚካኤሎች በአዲሱ ዲስክ ላይ ሲገናኙ፣ ኋላ የመጣው የቀደመውን ደመሰሰው።

ይህን ያወቀው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሙሉቀን ከገጠር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ገብታለች። አዲስ አበባ የእህታችን ልጅ ጋ ናት። ለሐምሌ ሁለት፣ እሁድ ንጋት ላይ እናረዳታለን።»

«ግባ እንጂ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ስልክ ላይ ምን አለችኝ መሰለህ? ለኪሩቤል ጫማ ገዛሁ፣ እግሩ ስንት ሆነ አለችኝ።» ሙሉቀን ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እባክህ ላንድ አፍታ አሰማኝ። እሷ ፊት ከመስማቴ በፊት እኔ ልልመደው።»

ስንታየሁ አዲሱን ዲስክ ሰካ። ሚካኤልን ከፈተ። የመጀመሪያውን ድምፅ ተጫነ። የእትዬ ከበቡሽ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ቀና አለ።

«ይሄ የኛ ልጅ አይደለም።»

«ቆይ…»

«በሬ ጠማጅ፣ የልጅ ልጅ ያየ ይላሉ እኮ! ይሄ ሽማግሌ ነው። የኛው የታለ?»

ስንታየሁ ሁለተኛውን ከፈተ፤ የዚያው ሽማግሌ ነው። ሦስተኛውንም። ሰው በጠራራ ፀሐይ እንዴት እንደሚበርደው ያን ቀን አወቀ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎት ዘሎ የላፕቶፑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ማሽኑ ጥፍት አለ።

«ምን ነካህ?» አለ ሙሉቀን።

«በስህተት በላዩ ሌላ ጽፌበታለሁ። ከአዲሱ ዲስክ አይመለስም። ከላፕቶፑ ግን ያጠፋሁት ገና በላዩ ካልተጻፈበት ሊገኝ ይችላል። ከአሁን ጀምሮ ሲበራ በቆየ ቁጥር ይበላዋል።»

ሙሉቀን ይህን ሁሉ አልሰማም። «አደራ ብዬህ ነበር» አለ በቀስታ። ተቆጥቶ ቢጮህ ይሻል ነበር።

ነጅሙዲን ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ የላፕቶፑን ዲስክ በብሎን መፍቻ አወጣው። ከስልክ ላይ የጠፋ የሙሽሮች ፎቶ መልሶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ግን ነክቶ አያውቅም።

«የሚገኘውን ወደዚያው ወደ ራሱ እንዳትጽፍ» አለ ስንታየሁ።

«አውቃለሁ።»

«ወደ አዲሱ ዲስክ ብቻ። ሌላ ፎልደር ክፈትለት።»

«አውቃለሁ አልኩህ! ፍርሃትህ ወደ እጄ እየገባ ነው፤ እዚያ ጥግ ሄደህ ተቀመጥ።»

ስንታየሁ ከቻርጀሮቹ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ዳዊት ደገመ። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ፈለገ። የተገኘው ሁሉ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ። መዝሙር፣ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ፣ የተቆራረጠ እስክስታ፣ የጄኔሬተር ድምፅ። ነጅሙዲን ባንድ ጆሮ፣ ስንታየሁ ባንድ ጆሮ አንዱን ማዳመጫ ተካፍለው አንድ በአንድ ሰሙ። በማግስቱ ሱቁ ላይ የአስር ሶላት ሊሰግድ ሲነሳ ነጅሙዲን ድንገት እጁን አነሳ።

«ወንጭፍ አለች?»

«ምን?»

«ስማ።»

*ማሽላው ሲያፈራ ወፉን ማን ይጠብቅ፣
ኪሩቤል ወንጭፉን ጥሎ ሄደ ሩቅ።*

ስንታየሁ አለቀሰ። ድምፁ ከመሀል ነው የሚጀምረው፤ መግቢያው ተበልቷል። ነፋሱ፣ የሴቶቹ ደረት መምታት፣ «ውሃ አቀብሏት» የሚል የአንድ ሰው ድምፅ፣ ሁሉም አለ። የልጁ ደግነት፣ የአጎቱ በሬዎች፣ በሮቢ ወንዝ የሚዋኘው ዋና ተነሳ። ከዚያ፦

*እናትህ ስትመጣ ከባሕር ማዶ፣*

እዚህ ላይ ተቆረጠ። የቀረው እንደ አሸዋ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ነው። ደጋግመው ፈለጉ። የለም።

«ሁለተኛው ስንኝ ምን ነበር?» አለ ነጅሙዲን።

«አላስታውስም። እየቀዳሁ ነበር እኮ፤ የማየው የድምፁን መጠን ነው።»

ስንታየሁ ወደ እትዬ ከበቡሽ ሄዶ ጉዱን ነገራቸው። እንደ ፈራው አልተቆጡም። «ያኔ የመጣልኝን ያኔ ብያለሁ፤ አሁን ከየት አምጥቼ ልንገርህ?» ብቻ አሉት። ወደ ሙሉቀንም ሄዶ የሆነውን አስረዳ። ሙሉቀን «ያለውን አምጣ» አለው።

ለሐምሌ 2 አጥቢያ ስንታየሁ እንቅልፍ አላየም። ሕይወት ከአልጋው ጠርዝ ላይ አገኘችው።

«ሰዎች ናቸው፤ ይረዱሃል» አለችው።

«እናት ናት የምትሰማው። ግማሽ ልጅ ይዤላት ልሄድ ነው።»

ሕይወት ነጠላዋን አነሳች። በለቅሶው ነገር ከሱ ጋር ወጥታ አታውቅም ነበር፤ ያን ንጋት ግን አብራው ሄደች።

ጎሕ ሲቀድ የሺ በወንድሟ ቤት በአንደኛው ጥግ ተኝታ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው ማታውን ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ቃሉ ገና ሳይነገር፣ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታይ ገባት። የጮኸችው ጩኸት ውጭ ያሉትን ሁሉ አስነሳ። ወደቀች፣ አነሷት፣ ግቢው ውስጥ ዳስ ሥር አስቀመጧት። «መቼ?» ትላለች። «አመቱ» ይሏታል። «አመት ሙሉ! አመት ሙሉ ሰላም ነው አላችሁኝ!» ሙሉቀን መሬት ላይ ተደፍቶ እግሯን ያዘ። «ማን አለቀሰለት? ውሻ ነው የጣላችሁት?»

ይህን ጊዜ ሙሉቀን ቀና ብሎ ስንታየሁን አየው። ስንታየሁ ዲስኩን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ በተዋሰው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ትንሹን ድምፅ ማጉያ ወደሷ አዙሮ ነበር። «እህቴ» አለ። «ሙሉ አይደለም። በኔ እጅ ነው የጎደለው። አውቀሽ ስሚው።» ከዚያ ተጫነው።

የሺ ድምፁን እንደሰማች መንቀጥቀጧን አቆመች። ወንጭፉን ሰማች፣ በሬዎቹን ሰማች። ዋናው ሲነሳ ራሷን ነቀነቀች። «እናትህ ስትመጣ ከባሕር ማዶ» አለ ድምፁ፣ ተቆረጠ፣ አሸዋው ቀረ። ስንታየሁ ዓይኑን ጨፈነ። ሰዎች ሲዞሩበት ተሰማው። አንድ ሽማግሌ «ምን ሆነ?» ማለት ሲጀምሩ፣ የሺ ከተቀመጠችበት ተነስታ ደረቷን መታች።

*ልጄን ብል ስጡኝ፣ ሰጣችሁኝ መርዶ።*

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ያቆማት አልነበረም። ለአመት ያልተለቀሰውን ሁሉ፣ የጅዳን ወጥ ቤት፣ በስልክ የዋሿትን፣ ቁጥሩን ሳታውቅ የገዛችውን ጫማ እያነሳች አወረደችው። እትዬ ከበቡሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። ስንታየሁ መቅጃው ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ እጁ ሊሄድ ሲል እሳቸው አዩት።

«ተው» አሉት። «ይሄን እንኳ ለሷ ተውላት።»

ተወው።

ከዚያ ወዲያ የስንታየሁ ፍርሃት አልቀነሰም። በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተ፣ እየሰማ፣ በዓመተ ምሕረት፣ በወርና በቀን እንደገና ይሰይማቸው ጀመር። ሌላ ስንት ሰው እንደደመሰሰ አያውቅም። አንዳንዱን ሲከፍት የጠበቀውን ያገኛል፤ አንዳንዱን ሲከፍት ሌላ ሰው ያገኛል፤ ያኔ ወጥቶ በር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ሁለተኛ ዲስክ ለመግዛት ነጅሙዲን ጋ ዕቁብ ገባ።

ሐምሌ 17 ቀን ጠዋት የሺ በሙሉቀን ስልክ ደወለች። ያን ድምፅ በራሷ ስልክ ላይ ትፈልገዋለች። ስንታየሁ ከነጅሙዲን አንዲት ሚሞሪ ካርድ ወሰደ፣ ድምፁን ገለበጠባት፣ አውጥቶ እንደገና ሰክቶ ሰማው፣ በወረቀት ጠቅልሎ ከሸሚዝ ኪሱ ከተተ። ሕይወት «ላዩ ላይ ጠቁሯል፤ ነገ አይደርስም?» አለችው፤ ወደ ደብረ ሲና በኩል ያለውን ሰማይ ማለቷ ነበር። «ትጠብቀኛለች፣ ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

የሺን ከቤቱ ጥላ ሥር ማሽላ ስትለቅም አገኛት። ስልኳን ሰጠችው፤ በዓረብኛ ነበር። ወደ አማርኛ ቀየረላት። ካርዷን አስገባ፣ የት ተጭና እንደምትከፍተው አሳያት። አሁን ልትሰማው አልፈለገችም፤ መኖሩን ብቻ አይታ ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ውሃ አቀረበችለት፣ ጠጣ። ስልኩ ሲጠራ ድምፁ ትንሽ እንደሆነባት ነገረችው። ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አደረገላት፤ ከሙሉቀን ስልክም ደውሎ ሞከረው። ጠራ። ተሰናብቷት ወደ ደረቁ ወንዝ አቅጣጫ ወጣ።